እንግዳ በብዙ ቤቶች መንደር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጅግጅጋ ከተማ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ ስለ ያልተማከለው ማኅበራዊ መገናኛ፣ በተለይም አዲስ ገቢ የሆነ ሰው እንዴት ሊጀምረው እንደሚገባ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ጥቂት አመነታሁ። ምክንያቱም እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት መጻሕፍትን በመመዝገብና አንባቢን በማስተናገድ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠጋ ብዬ ስመረምረው የቤተ መጻሕፍት ሰው ሊሸሸው የማይገባ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ሕዝብ የጻፈውን ማን ይጠብቀዋል? ሲጠፋስ ማን ይጠየቅበታል? እነዚህ ጥያቄዎች የሙያችን የዘወትር ጥያቄዎች ናቸውና።

ወደ ርእሱ ከመግባቴ በፊት በራሴ ላይ የደረሰውን በአጭሩ ልናገር። ስድስት ዓመት ያህል በአንድ ትልቅ ኩባንያ ማኅበራዊ መገናኛ ላይ ስለ ጅግጅጋና በዙሪያዋ ስላሉት ከተሞች፣ ስለ ቀብሪ በያህ፣ ስለ አውበሬ፣ ስለ ቶግ ወጫሌ አንድ ገጽ እይዝ ነበር። ሽማግሌዎች የነገሩኝን የቦታ ስሞች፣ ከየቤተሰቡ ሣጥን የወጡ ፎቶግራፎችን፣ የሶማሊኛና የአማርኛ ቃላትን ትይዩ ዝርዝር ሳወጣበት ቆየሁ። አንድ ቀን ጧት ስከፍተው ገጹ የለም። በቦታው ደንብ መጣሱን የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ቀርቶአል። የትኛው ጽሑፍ የትኛውን ደንብ እንደጣሰ የሚናገር ቃል አልነበረም። አቤቱታ ጻፍሁ፤ የመለሰልኝ መሣሪያ እንጂ ሰው አልነበረም። የፎቶግራፎቹ ቅጂ በከፊል በእጄ ስለነበረ ሐዘኑ በዚያ በኩል ቀለል ይላል። በሥራቸው ሰዎች የጻፉአቸው ማስታወሻዎች ግን፣ «ይህ የቆመው አጎቴ ነው»፣ «ይህች ሱቅ ከገበያው በላይ ነበረች» የሚሉት፣ ከነጭራሹ ጠፉ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ጥፋቱን በኩባንያው ላይ ብቻ ልጥለው አልችልም፤ ደረሰኝ ሳልቀበል የሕዝብን ንብረት በሰው ግምጃ ቤት ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።

ክቡራን አድማጮች፤

«ያልተማከለ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በፖስታ ምሳሌ ልግለጠው። ከጅግጅጋ ወደ ለንደን ደብዳቤ የሚልክ ሰው የኢትዮጵያ ፖስታ ደንበኛ ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ የእንግሊዝ ፖስታ ደንበኛ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች አንድ ባለቤት የላቸውም። ደብዳቤው ግን ይደርሳል፤ ምክንያቱም ሁለቱም የተስማሙበት ደንብ አለ። ስልክም ኢሜይልም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ታላላቆቹ የማኅበራዊ መገናኛ ኩባንያዎች ግን ከዚህ የተለየ ሥርዓት ነው የዘረጉት። ደንበኛው፣ ጽሑፉ፣ የወዳጆቹ ዝርዝርና የመላላኪያው ደንብ ሁሉ በአንድ ባለቤት እጅ ነው። ከዚያ የሚወጣ ሰው ወዳጆቹን ሁሉ ጥሎ ይወጣል።

ያልተማከለው መገናኛ የፖስታውን ሥርዓት ወደ ማኅበራዊ መገናኛ ይመልሳል። ከሁሉ የታወቀው «ማስቶዶን» የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ አይገን ሮችኮ የተባለ በጀርመን አገር የሚኖር ወጣት በ2016 እ.አ.አ. ለሕዝብ አቀረበው። ፕሮግራሙን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሊተክለው ይችላል። እንዲህ የተተከለውን እያንዳንዱን ማዕከል በእንግሊዝኛው «ሰርቨር» ይሉታል፤ እኔ ዛሬ «ቤት» እለዋለሁ። ቤቶቹ የሚነጋገሩበት ደንብ «አክቲቪቲ ፐብ» ይባላል። ይህም ደንብ የዓለም አቀፉን ድር መለኪያዎች በሚያወጣው ጉባኤ በጥር 2018 እ.አ.አ. ጸድቋል። ፎቶግራፍ የሚያሳየው «ፒክስልፌድ»ም ሆነ ፊልም የሚያሳየው «ፒርቲዩብ» በዚሁ ደንብ ስለሚሠሩ፣ በአንዱ ቤት ያለ ሰው በሌላው ቤት ያለውን ሊከታተል ይችላል። በ2022 እ.አ.አ. ጥቅምት ወር መጨረሻ ትዊተር በኢሎን መስክ እጅ ከገባ በኋላ ብዙ ሕዝብ ወደዚህ መንደር ጎረፈ። «ብሉስካይ» የሚባለውም ያለመማከል ዓላማ አለው፤ የሚሠራው ግን በሌላ ደንብ ነው።

ይህ አሳብ ለዚህ አካባቢ ሕዝብ ፈጽሞ እንግዳ ነው ብዬ አላምንም። የቢቢሲ የሶማሊኛ ክፍል ከ1957 እ.አ.አ. ጀምሮ ከለንደን ሲያሰማ አንድ አፍ ለብዙ ጆሮ ይናገር ነበር። ካሴት በመጣ ጊዜ ግን ብዙ አፍ ተከፈተ። በ1979 እና በ1980 እ.አ.አ. በሶማሊያ «ዴሌይ» የተባለው የግጥም ሰንሰለት ሲነሣ፣ ጋሪዬ በሚል ስም የሚታወቀው ባለቅኔ ጀመረው፤ ሐድራዊና ሌሎች ብዙ ባለቅኔዎች እየተቀበሉ መለሱለት። በሶማሊኛ ቅኔ ሕግ በየስንኙ አንድ ድምፅ መደጋገም ስላለበት፣ በዚህ ሰንሰለት የገባ ሁሉ በ«ድ» ድምፅ መግጠም ነበረበት። ጎሰኝነትንና የአገዛዝን ብልሽት እያነሡ የተሟገቱበት ይህ ቅኔ በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ልብ በሉ! ማዕከላዊ ባለቤት የለም፤ ሁሉም የሚናገረው ከየቦታው ነው። ያስተሳሰራቸው የጋራ ሕግ ብቻ ነው። አክቲቪቲ ፐብ ማለት በእኔ አስተያየት የ«ዴሌይ» የ«ድ» ድምፅ ማለት ነው። ገጣሚው ማንም ቢሆን ሕጉን ከጠበቀ ሰንሰለቱ ይቀበለዋል።

አሁን ወደ ጀማሪው ልምጣ። በሶማሌ ቤት እንግዳ ሲመጣ ሰላምታው «ኢስካ ወረን» ነው፤ የራስህን ወሬ ንገረን ማለት ነው። እንግዳው የመጣበትን ስፍራ፣ የዝናቡንና የመንገዱን ነገር ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው የሚቀጥለው። ባልተማከለው መንደርም የአዲስ ገቢው ሥርዓት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንደኛው ሥራ ቤት መምረጥ ነው። ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው ከዚሁ ደጃፍ ላይ ነው። ቤቶቹ በሺህ ስለሚቆጠሩ የቱን ልምረጥ እያለ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ግን ከሚገባው በላይ ነው፤ የአንዱ ቤት ነዋሪ በአብዛኛው የሌላውን ቤት ነዋሪ ሊያነጋግር ይችላልና። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። የቤቱ አስተዳዳሪ ማነው? የቤቱ ደንብ ተጽፎ ይታያል ወይ? ወጪው ከየት ይሸፈናል? አስተዳዳሪው አንድ ሰው ብቻ ነው ወይስ የሚተካው አለ? ስንት ዓመት ኖሮአል? እነዚህን ጥያቄዎች መልሶ የሚገባ ሰው በኋላ አይጸጸትም።

ሁለተኛው ስም ነው። ስሙ ሁለት ክፍል አለው፤ የራስ ስምና የቤቱ ስም። ጅግጅጋ ላይ ስንት አብዲ አለ? «የየትኛው ቤት አብዲ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው የሚለየው። በማስቶዶን የራስ መለያ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በታች ሰረዝ ብቻ ነው። ከመለያው በላይ የሚታየውን መጠሪያ ግን በግእዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.አ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ከገባ ወዲህ ይህ ሁሉ ቀላል ሆኖአል።

ሦስተኛው የ«ኢስካ ወረን» መልስ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፋችሁ ማን እንደሆናችሁ፣ በምን ሙያ እንደምትሠሩ፣ ስለ ምን ለመጻፍ እንዳሰባችሁ ግለጡ። በማስቶዶን ለአንድ ጽሑፍ የተለመደው ወሰን 500 ፊደል ነው፤ ለትውውቅ ይበቃል። ስለ ራሱ ምንም ያልጻፈ፣ ሥዕሉም ባዶ የሆነ አዲስ ገቢ በዚያ መንደር በር አይከፈትለትም።

አራተኛው መከታተል ነው። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ መሣሪያው ራሱ እየመረጠ ያቀርብላችኋል። በማስቶዶን ግን የቤታችሁ ገበታ የሚሞላው እናንተ በምትከታተሉአቸው ሰዎች ነው፤ ጽሑፉም የሚደረደረው በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ከዚህ ሌላ የቤታችሁ ሰዎች ሁሉ የሚጽፉበት ገበታና ከሌሎች ቤቶች የሚደርሰው የሚታይበት ሦስተኛ ገበታ አለ። ትንሽ ቤት የገባ ሰው ይህ ሦስተኛው ገበታ ባዶ ቢመስለው አይደንግጥ፤ ወደዚያ የሚደርሰው በአብዛኛው የቤቱ ነዋሪዎች የሚከታተሉአቸው ሰዎች ጽሑፍ ነውና። ስለዚህ አስቀድሞ ሃያ ሠላሳ ሰው ፈልጎ መከታተል ይገባል።

አምስተኛው ቋንቋና ርእስ ነው። በጅግጅጋ ገበያ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ዐረብኛ በአንድ ጧት ይሰማሉ። ማስቶዶን ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ቋንቋውን እንድናመለክት ይፈቅዳል፤ አንባቢም የሚፈልገውን ቋንቋ ለይቶ ሊያነብ ይችላል። በዚህ ሥርዓት ጽሑፍን ለማግኘት ዋናው መንገድ ሃሽታግ ነው። እዚህ ላይ የእኛ የካታሎግ ሙያ ይፈለጋል። «ጅግጅጋ» እና «ጅጅጋ» ለሰው አንድ ከተማ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት የተለያዩ ርእሶች ናቸው። «ሐረር» እና «ሀረር» ብለን ብንጽፍም እንዲሁ ነው። ሶማሊኛ ከ1972 እ.አ.አ. ጀምሮ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ሦስተኛ አጻጻፍ ይጨመራል። ስለዚህ አንድ ወጥ አጻጻፍ መርጦ መጽናት፣ ካስፈለገም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ ስታወጡም በሥሩ በተዘጋጀው ቦታ ምን እንደሚታይበት በቃል ግለጡ። ዓይነ ስውር አንባቢ የሚያነበው ያንን ነው፤ በመንደሩም ይህን የማያደርግ ሰው እንደ ባለጌ ይታያል።

ክቡራንና ክቡራት፤

በጎውን ብቻ ተናግሬ ብቀመጥ አታለልኋችሁ ማለት ነው። ስለዚህ አደጋውን ደግሞ ልግለጥ።

የመጀመሪያው፣ ትንሽ ቤትም ይፈርሳል። አስተዳዳሪው ይታክተዋል፤ ገንዘብ ያጥረዋል። ስሙን የሚነጠቅም አለ፤ በአፍጋኒስታን የአገር መለያ ይጠራ የነበረ አንድ የማስቶዶን ቤት በ2024 እ.አ.አ. ያን ስም በመነጠቁ ተዘግቶአል። ወደ ሌላ ቤት ለመዛወር ሥርዓት አለ፤ ተከታዮቻችሁ አብረዋችሁ ይዛወራሉ። የጻፋችሁት ግን አይዛወርም፤ በቀድሞው ቤት ይቀራል። ቅጂውን ግን በሰባት በሰባት ቀን መጠየቅና ወደ ራስ ኮምፒዩተር ማውረድ ይቻላል። በእኔ ላይ የደረሰው በእናንተ ላይ እንዳይደርስ ይህን ልማድ አድርጉት።

ሁለተኛው፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተላከ የሚመስለው መልእክት እንደ ታሸገ ደብዳቤ አይቆጠር። የቤቱ አስተዳዳሪ ሊያነበው ይችላል። የገንዘብ፣ የጤና ወይም የቤተሰብ ምሥጢር በዚያ አይጻፍ።

ሦስተኛው፣ አውታሩ ሁሉ ሲቋረጥ ያልተማከለውም አብሮ ይቋረጣል። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ በዚህች ከተማ ሁከት በተነሣ ጊዜ ኢንተርኔት መዘጋቱን የማያስታውስ የጅግጅጋ ነዋሪ የለም። ቤቶቹ ሺህ ቢሆኑም መንገዱ አንድ ከሆነ የመንገዱ መዘጋት ሁሉንም ያግዳል። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ ወር ድረስ እንደሆነው ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በስም ተለይተው ሲታገዱ የቤቶች መብዛት ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ የሁሉ መድኃኒት ነው ማለት ግን ሐሰት ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ተገድለዋል። ልጃቸው በፌስቡክ ስለ አባቱ የወጡ ጽሑፎች ለግድያው መንገድ እንደጠረጉ፣ አስቀድሞም አቤት ቢል በጊዜው እንዳልተነሡለት በመግለጽ በታኅሣሥ 2022 እ.አ.አ. ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ ኩባንያውን በናይሮቢ ከስሷል። ፍርድ ቤቱም በሚያዝያ 2025 እ.አ.አ. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ቋንቋውንና ሰፈሩን የማያውቅ ዳኛ በሩቅ ተቀምጦ ቃልና እሳት ሊለይ አይችልም። ያልተማከለው መገናኛ ዳኛውን ወደ ሰፈሩ ያቀርበዋል፤ የቤቱ አስተዳዳሪ ሶማሊኛውንና አማርኛውን ያውቃል፤ የትኛው ስድብ ቀልድ፣ የትኛው ደግሞ የደም ጥሪ እንደሆነ ይለያል። ቤቶችም እርስ በርሳቸው ሊዘጋጉ ይችላሉ፤ በ2019 እ.አ.አ. በጥላቻ ንግግር የሚታወቀው «ጋብ» የተባለ መገናኛ የማስቶዶንን ፕሮግራም ወስዶ ሊገባ ሲሞክር ብዙ ቤቶች በራቸውን ዘግተውበታል። ነገር ግን የቀረበ ዳኛ ጎሳና ወገን አለው፤ ዘመዱም በሩን ያንኳኳል። ይህን ሸክም ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት አይገባም።

ሕጉንም መርሳት የለብንም። ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ መገናኛ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሣ ያዛል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለሚፈጸም ጥፋትም ቅጣቱን ያከብደዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ በሚይዝ ላይ ግዴታ ይጥላል። ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ እነዚህን ሁለት አዋጆች ያንብብ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የእኔ አሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የራሳችንን ቤት ለመክፈት አንቸኩል። በጎ ደንብ ባለው፣ በቆየ ቤት እንግዳ ሆነን እንግባ፤ ሥርዓቱን እንማር፤ የአጻጻፍ ስምምነታችንን እናዘጋጅ። በሁለተኛው ዓመት ወጪውን መርምረን ማኅበራችን ቤት መክፈት የሚችል ሆኖ ከተገኘ፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሳይሆን ከሦስት ባላነሱ አስተዳዳሪዎች እጅ ይሁን፤ ከእነርሱም ቢያንስ አንዱ ሶማሊኛ፣ አንዱ አማርኛ አፍ መፍቻው ይሁን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለምን? የአሮጌውንም መገናኛ ገጻችንን አሁኑኑ አንዝጋ፤ የሕዝቡ ብዛት ገና እዚያው ነውና።

በመጨረሻ አንድ ነገር ነግሬአችሁ ላብቃ። ወደዚህ መንደር የገባሁት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት «አደር፣ አዝነው ከሚቀመጡ እንደገና ይጀምሩ» ብሎ ገፋፍቶኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም አልመለሰልኝም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የምናገር መሰለኝ። በሁለተኛው ወር በእጄ ከቀሩት አሮጌ ፎቶግራፎች አንዱን፣ በቃል ገልጬ፣ የከተማችንን ስም በሁለት አጻጻፍ አድርጌ አወጣሁት። ከአሥር ቀን በኋላ ከሩቅ አገር፣ ከማላውቀው ቤት፣ አንዲት ሴት በሶማሊኛ ጻፈችልኝ። «በስተ ግራ ያለችው ሱቅ የአዬዮ ሱቅ ናት» አለች፤ የአያቴ ማለቷ ነው። ቀጥላም አያቷ ምን ትሸጥ እንደነበረ፣ በሩ ምን ቀለም እንደነበረው ዘርዝራ ጻፈች። ከጠፉብኝ ማስታወሻዎች አንዱን ያህል በሌላ እጅ ተመለሰልኝ ማለት ነው።

ያን ጽሑፍ በዚያው ቀን ወደ ራሴ ኮምፒዩተር አወረድሁት፤ በወረቀት አትሜም በቤተ መጻሕፍታችን ዶሴ ውስጥ በቁጥር መዝግቤ አስቀመጥሁት። ዛሬ ቤቱ ቢፈርስ ቃሏ አይጠፋም። እናንተም ወደዚያ መንደር ስትገቡ «ኢስካ ወረን» ስትባሉ መልሱ፤ ከመለሳችሁም በኋላ ቅጂውን አስቀሩ።